ሁለት ካስማ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሰፈራችን ሠርግ በተደገሰ ቁጥር አንድ ሰው በሬን ያንኳኳል። «ቤዙ አልወጣ ብሎናል፤ እስቲ ብቅ በሉልን» ይለኛል። ብቅ እላለሁ። ብዙውን ጊዜ የተበላሸው ገመዱ ነው። ልጆቹ ግን ገመድ አይጠረጥሩም፤ የሚጠረጥሩት ያን የሚያብረቀርቅ ሣጥን ነው፤ ከፍተው ሲጎረጉሩ ደህናውን ያበላሹታል። ተቆጥቼ፣ አስተካክዬ፣ ተመርቄ እመለሳለሁ። በመንገዴ ላይ ሁልጊዜ ኪሮስ ትዝ ይለኛል። ኪሮስ የኪነት ቡድናችን ቤዝ ተጫዋች ነበር፤ ሥራ ላይ እያለን ሞተብን። በምን እንደሞተ ለረጅም ጊዜ ሁላችንም በስህተት ስናወራ ኖረናል። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ነው።

ሰቆጣ የተመደብኩት በደርግ ጊዜ ነው። ደሴ ከተማ ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ቆይቼ፣ የዋግ አውራጃ ኪነት ቡድን የድምፅ ቴክኒሻን ሁን ተባልኩ። ደመወዙ በልቶ ለማደር ያህል ነበር። ያኔ ኪነት የመንግሥት ሥራ ነው፤ ለበዓል፣ ለስብሰባ፣ ለአጨዳ ሳይቀር ቡድኑ በጭነት መኪና ተጭኖ ይላካል። እኔ ዘፈን አልችልም፤ ክራርም አልመታም። ሥራዬ ሌላው የሚጫወተው እንዲሰማ ማድረግ ነበር።

የተቀበሉኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ የቡድኑ ዋና ቴክኒሻን። አባታቸው በሰቆጣ ገበያ የታወቁ የጨው ነጋዴ ነበሩ። ጋሽ ሰይድ ሱቁን ለወንድሞቻቸው ትተው፣ በወጣትነታቸው አሥመራ ሄደው የኤሌክትሪክ ሥራ ተማሩ። አጭር፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ። ሲናደዱ ድምፃቸው ዝቅ ይል ስለነበር፣ ዝግ ብለው ማውራት ሲጀምሩ ሁላችንም እንጠነቀቃለን።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ የቤዝ ማጉያ አመራረጥን ነው። ለቡድኑ አዲስ ማጉያ ምረጡ ተብለን ከባህል ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጋር ደሴ ወደ አንድ የዕቃ መጋዘን ወረድን። ኃላፊው ዓይናቸው ያረፈው ቁልፉ የበዛ፣ ፊቱ የተወለወለ የጊታር ማጉያ ላይ ነው። ጋሽ ሰይድ ጥግ ላይ አቧራ ወደ ጠጣ አንድ ትልቅ፣ ከባድ ሣጥን ሄዱ። ጀርባውን ከፍተው አሸተቱት፤ የተቃጠለ ነገር ሽታ የለውም። የስፒከሩን ወረቀት በሁለት አውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው ገፉት፤ ሳይንኮሻኮሽ ገብቶ ወጣ። ከዚያ ቤዝ ጊታር አስሰክተው ወፍራሙን ክር አስመቱና ጥለውን ሄዱ። ከመጋዘኑ ወጥተው፣ መንገድ ተሻግረው፣ አንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሙ። ሲመለሱ «ይሄ ነው» አሉ።

«ይሄ አስቀያሚው?» አሉ ኃላፊው።

«ያ ቆንጆው ለጊታር ነው ጌታዬ። ስፒከሩ ትንሽ ነው፤ የቤዝ ክር ሲመታ ወረቀቱ ይቀደዳል። ቤዝ ደግሞ ከፊቱ ተቁሞ አይመረጥም። ሰዉ የሚቆምበት ቦታ ተሄዶ ነው የሚሰማው።»

ይህ ልማድ እስከ መጨረሻው አልተዋቸውም። መድረክ በተዘረጋ ቁጥር፣ የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀመር ጋሽ ሰይድ ከሰዉ ጀርባ ናቸው፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። ቤዙ ከቀነሰ ቀኝ እጃቸውን ያነሣሉ፤ እኔ እጨምራለሁ። በሜዳ ላይ ቤዝ ግድግዳ ካላገኘ ይጠፋል። ስለዚህ ሣጥኑን ከጠረጴዛ አውርደን መሬት ላይ፣ ጀርባውን ለትምህርት ቤት ግድግዳ ወይም ለትልቅ ቋጥኝ ሰጥተን እናስቀምጠዋለን። ጋዝጊብላ ላይ አንድ ገበያ ቀን ቋጥኝ ጠፍቶ፣ ነጋዴዎቹን ለምነን የእህል ከረጢት ደርድረን ደግፈነዋል።

ብልሽት ሲመጣ ደግሞ ሥርዓት ነበራቸው። «ከጣቱ ጀምር» ይሉኛል። መጀመሪያ ተጫዋቹን ታያለህ፤ ከዚያ ክሩን፤ ከዚያ ገመዱን፤ ከዚያ ገመዱ የሚሰካበትን ጃክ፤ ከዚያ ቁልፉን። ሣጥኑ የሚከፈተው ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ሲገኝ ነው። ሲከፈትም ቲዩቦቹን፣ እነዚያን አምፖል መሰል የብርጭቆ ቱቦዎች፣ በእርሳስ ጫፍ መታ መታ ማድረግ ነው፤ የታመመው ራሱ ይጮኻል። አቧራ ገብቶባቸው የሚንኮሻኮሹትን ቁልፎች የምናጥበው በነጭ አረቄ ነበር። ጋሽ ሰይድ አረቄ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም፤ ግዢው የእኔ ፈንታ ነበር። አረቄ ቤቷ ሴትዮ «ለመሣሪያ ነው» ስላት አንድም ቀን አላመነችኝም።

ከሁሉ በላይ ግን የሚጨነቁት ለካስማው ነበር። በጀኔሬተር ስትሠራ የማጉያው ብረት አካል አንዳንዴ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ቤዝ ተጫዋቹ ጣቱ ክር ላይ ነው፤ ክሩ ደግሞ በገመዱ በኩል ከዚያ ብረት ጋር የተያያዘ ነው። ክሩን እንደያዘ አፉን የሌላ ማጉያ ማይክሮፎን ላይ ቢያሳርፍ፣ የኤሌክትሪኩ መንገድ እሱ ራሱ ይሆናል። ለዚህ ነው ከማጉያው አካል ሽቦ ስበን መሬት ላይ በተተከለ የብረት ካስማ የምናስረው። የዋግ መሬት ደግሞ ድንጋይና ደረቅ አፈር ነው፤ ካስማ ቢገባበትም ኤሌክትሪኩን አይቀበልም። ጋሽ ሰይድ የካስማውን ጉድጓድ በደቀቀ አሞሌ ጨው ሞልተው ውሃ ያፈስሱበታል። መሬቱ እስኪጠግብ ያፈስሳሉ። «ጨው ያሳደገኝ እኔ፣ በጨው ሰው ማዳን አያቅተኝም» ብለው ሲቀልዱ የሰማሁት በዚህ ብቻ ነው።

ለቤዙ አንድ ካስማ፣ ለማይክሮፎኑ ማጉያ ሌላ ካስማ ይተክላሉ። ለምን አንድ ላይ እንደማያስሯቸው ስጠይቃቸው አንድ ጊዜ አያይዘው አሰሙኝ። ቤዙ ውስጥ ሁምታ ገባ፤ የንብ ቀፎ አጠገብ የቆምክ ይመስልሃል። «ሰማህ? ያበላሸዋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። የእሳቸው ቤዝ ግን ንጹሕ ነው፤ በአውራጃው ሁሉ የተመሰገነ።

ኪሮስ የዚያው የዋግ ዝቋላ ልጅ ነው። አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው፤ የቤቱ ቋንቋ አገውኛ ነበር። ረጅም ጣት ነበረው፤ ሲጫወት ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ የማይሰማ ነገር ይዘፍናል። ጋሽ ሰይድ ይወዱታል፤ ፊት ለፊቱ ግን አመስግነውት አያውቁም። እኔንም ኪሮስንም እንደ ልጆቻቸው ይቆጣጠሩን ነበር።

ዝናቡ የቀረበት ዓመት መጣ። ከዝቋላና ከአበርገሌ ሰው እየወጣ ሰቆጣ ዳር ሲሰፍር በዓይናችን አየን። እኛ መጫወት አላቆምንም። እህል በሚታደልበት ቦታ ሕዝቡን አነቃቁ ተብለን በአይፋ መኪና ተጭነን ወደ ዝቋላ ወረድን። መኪናው ከሚደርስበት በታች ማጉያውን አራት ሆነን በቃሬዛ ተሸከምነው። ኪሮስ ፊት ፊት እየሄደ ያገኘውን መንገደኛ ሁሉ ስለ እናቱ ይጠይቃል።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ሰዉ ተቀምጦ እህል ይጠብቃል። እህሉ አልደረሰም። አብሮን የወረደው የአውራጃው ካድሬ እንግዶች ስለሚመጡ ፕሮግራሙ አሁኑኑ ይጀመር አለ። ካስማ መትከል ጀመርን። መሬቱ እንደ ሸክላ ደርቋል። በቴስተሩ የቤዙን ማጉያ ብነካው መብራቱ ቦግ አለ፤ አካሉ ኤሌክትሪክ ይዟል። ውስጡን ከፍተን አየነው፤ ከኮንደንሰሮቹ አንዱ ተበላሽቶ ኤሌክትሪኩን ወደ ብረት አካሉ እያሾለከ ነው፤ መለዋወጫ የለንም። ጋሽ ሰይድ ጉድጓዱን በጨው ሞሉና ከላይ ይዘነው የወረድነውን ጀሪካን ውሃ አነሡ።

ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ፣ ገበያ በለመዱት አማርኛ፣ «ያን ውሃ ወዴት ትወስደዋለህ ወንድሜ?» አሏቸው።

«ለመሣሪያው ነው እህቴ። መሬቱን ላረጥብበት ነው።»

«መሬቱን?»

ዙሪያቸውን ያሉት ሴቶች ሁሉ ጀሪካኑን ያያሉ። ባዶ ቅላቸው ጭናቸው ላይ ነው። ኪሮስ ከኋላችን መጣና «ጋሼ» አለ፤ ወደ ሴትዮዋ እያመለከተ። «እናቴ ናት።»

ጋሽ ሰይድ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጡት። ለትንሽ ጊዜ ካስማውን አዩ፤ ከዚያ ሴቶቹን። «ይህን አላህ አይወደውም» አሉ፣ በዚያ ዝግ ባለ ድምፃቸው። ውሃውን ለሴቶቹና ለልጆቹ በጣሳ ማደል ጀመርን። ኪሮስ እናቱን፣ ወይዘሮ ለተብርሃንን፣ ጣሳውን ራሱ ይዞ አጠጣቸው። ጀሪካኑ ወዲያው አለቀ።

ጋሽ ሰይድ ወደ ካድሬው ሄደው «ያለ ቤዝ እንጫወት፤ መሣሪያው ታሟል» አሉት።

«ጋሽ ሰይድ፣ እኔም የሚጠይቀኝ አለብኝ። ቡድኑ ሙሉ ሆኖ ነው መታየት ያለበት» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነበር።

እሳቸው ተመልሰው የሚችሉትን አደረጉ። ማይክሮፎኑን ከኪሮስ አርቀው ተከሉ። እግሩ ሥር ደረቅ አጎዛ አነጠፉለት። ከዚያ ትከሻውን ይዘው «ዛሬ አትዘፍንም። ማይኩ አጠገብ አትደርስም። ጣትህ ብቻ ይሥራ» አሉት።

«እሺ ጋሼ» አለ።

የመጀመሪያው ዘፈን በሰላም አለፈ፤ ያጨበጨበ ሰው ግን አልነበረም። ሰው ርቦታል፤ ማን ያጨብጭብ? ሁለተኛውም እንዲሁ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ሆነው በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ። የአገራችሁን ዘፈን ተውና የአገራችንን ዝፈኑልን ማለታቸው እንደሆነ ኋላ ነው የተነገረኝ። ዘፋኛችን አገውኛ አይችልም። ኪሮስ ግን ጣቱ ቀድሞ ሄደ፤ የእነሱን ምት መታ። ሰዉ ቀና አለ። እናቱ ተነሥተው ቆሙ፤ ማጨብጨብ ጀመሩ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ግጥሙን የሚል ሰው አልነበረም። ኪሮስ ዓይኑን እንደጨፈነ ከአጎዛው ላይ ወርዶ ወደ ማይኩ ሄደ።

ጋሽ ሰይድ እንደ ልማዳቸው ከሰዉ ጀርባ ነበሩ። «ኪሮስ!» ብለው ሲጮኹ ሰማሁ። በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሐል እሱ አልሰማም። የመጀመሪያውን ቃል አወጣ፤ ከንፈሩ የማይኩን ብረት ነካ። ቤዙን እንዳቀፈ ወደቀ። ሮጬ ጀኔሬተሩን አጠፋሁ። ደረቱን ተጫንን፤ ትንፋሽ ሰጠነው፤ ጋሽ ሰይድ በጉልበታቸው ተንበርክከው እጁን ያሹ ነበር። አልተመለሰም። ማጉያውን ተሸክመን በወረድንበት ቃሬዛ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰድነው።

በቀብሩ ላይ ወይዘሮ ለተብርሃን አላለቀሱም፤ ውሃው ለኪሮስ መጠበቂያ እንደነበር ግን ሰምተዋል። አፈሩ ሲመለስ እንዲህ ብቻ አሉ፦ «ውሃው የልጄ ነበር። ጠጣሁበት።» በዙሪያቸው የነበሩት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። እነሱም ጠጥተው ነበርና። ያን ቃል የሰማሁበትን ጆሮዬን ጠላሁት።

ለመሥሪያ ቤቱ «በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ» ተብሎ ተጻፈ፤ በዚያው ተዘጋ። ጋሽ ሰይድ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ከሰዉ ጀርባ ግን ዳግመኛ አልሄዱም። ዘፈን ከተጀመረ እስኪያልቅ እጃቸው ጀኔሬተሩ ላይ ነው። ስለዚያ ቀን ያወሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ሁለት ነገር ቀረበልኝ፤ የሴቶቹ ጥምና የልጁ ነፍስ። ጥማቸውን መረጥሁ። ዛሬም ቢሆን ያንኑ የምመርጥ ይመስለኛል። ግን ከብዶኛል» አሉኝ። ደግፎ የያዛቸው ይህ ነበር። ከባድ ቢሆንም፣ ለተጠማ ሰው ብለው ማድረጋቸው ቀና ብለው እንዲሄዱ ያደርጋቸው ነበር።

ዝናቡ ከተመለሰ በኋላ ለሥልጠና አዲስ አበባ ተላክሁ። አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ሁለት ሣጥን ሣለ፤ አንዱ የቤዝ ማጉያ፣ አንዱ የማይክሮፎን። በመካከላቸው ሰው ሣለ። እኔ እጄን አነሣሁ።

«መሬቱ ደረቅ ቢሆንስ? ካስማውን የምታረጥብበት ውሃ ባይኖርስ?»

«ውሃ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ከሣጥን ወደ ሣጥን አንድ መስመር አሰመረ። «ሁለቱን አካል በአንድ ሽቦ እሰራቸው። አንዱ ቢታመም ኤሌክትሪኩ በሽቦው በኩል ያልፋል እንጂ በሁለቱ መሐል የቆመው ሰው አይሞትም። ካስማው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ሁምታ ያመጣል እኮ!»

«ያመጣል። ታዲያ ትንሽ ሁምታ ሰው ይገድላል?»

ከክፍል ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። አለቀስሁ ማለት አያሳፍረኝም። ያን ቀን ውሃ አያስፈልገንም ነበር። የምርጫ ቀን አልነበረም፤ ሴቶቹም ጠጥተው ኪሮስም ዘፍኖ መመለስ እንችል ነበር። ሽቦ ደግሞ አላጣንም፤ እኔ ራሴ ጥቅሉን ተሸክሜ ነበር የወረድሁት።

ሰቆጣ ስመለስ ምን እንደማደርግ ጨነቀኝ። ብነግራቸው፣ ጋሽ ሰይድ የተደገፉባትን አንዲት ነገር መንጠቄ ነው። ብተው ደግሞ፣ ዝቋላ ውስጥ አንዲት እናት ልጄን ጠጣሁት ብላ ትኖራለች። ጥቂት ቀን እንደ እንግዳ ዞር ዞር ስል ቆየሁና ጋሽ ሰይድ ራሳቸው ያዙኝ። «ከመጣህ ወዲህ ዓይኔን አታይም። ምን ተምረህ መጣህ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ወረቀት ላይ ሁለቱን ሣጥን ሣልሁላቸው፤ መስመሩንም አሰመርሁ። መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት።

«ሁምታውስ?» አሉ።

«ትንሽ ይኖራል ጋሼ።»

«ትንሽ» አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ። ለጥራት ብዬ የለየኋቸው እኔ ነኝ።» እጃቸውን ያዝሁ። «እናቱ ታውቃለች?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አያውቁም።»

«እንግዲያ ነገ እንሂድ።»

«ጋሼ፣ እኔ ሄጄ ልንገራቸው። እርስዎ ይቅሩ።»

«አንተ ምን አድርገህ?» አሉኝ።

ዝቋላ ስንደርስ ማሽላው አሽቶ ነበር። ወይዘሮ ለተብርሃንን ከደጃፋቸው አገኘናቸው፤ በጣም አርጅተዋል። እንግዳ እንደሚቀበል ሰው አስገቡን። ጋሽ ሰይድ የተሰጣቸው መደብ ላይ አልተቀመጡም።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት። ልጅዎን ውሃው አልገደለውም። ውሃው ቢጠጣም ልጅዎ መትረፍ ይችል ነበር። አንድ ሽቦ ነበር የጎደለው። ሽቦው ነበረን። ሁለቱን መሣሪያ አንድ ላይ ማሰር ነበረብኝ፤ አላሰርኋቸውም። አላወቅሁም። የእኔ ጥፋት ነው።»

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ከጋሽ ሰይድ አልነቀሉም። «ውሃው አይደለም?» አሉ።

«አይደለም።»

«ማልልኝ።»

«ወላሂ፣ አይደለም።»

ተነሥተው ወደ ደጅ ወጡ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ግቢው መሐል ቆመው በአገውኛ ተጣሩ፤ አንዴ ወደ ላይኛው መንደር፣ አንዴ ወደ ታችኛው። ሴቶች አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። ከፊሎቹን ለየኋቸው፤ ያኔ ጣሳ ያቀበልኋቸው ናቸው። ግቢው ሲሞላ ወይዘሮ ለተብርሃን ጋሽ ሰይድን እጃቸውን ይዘው አወጧቸው።

«የጠጣነው ሁላችንም ነን» አሏቸው። «ለእነሱም ንገርልኝ።»

ጋሽ ሰይድ በአውራጃው ሁሉ ስማቸው የተከበረ ባለሙያ ናቸው። በዚያ ግቢ መሐል ቆመው፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው፣ የነገሯቸውን ሁሉ ከመጀመሪያው ደገሙት። ወይዘሮ ለተብርሃን ወደ አገውኛ ይመልሱላቸው ነበር። «አላወቅሁም» የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ሴትዮዋ ቆም አሉ፤ እሱንም መለሱት። አንዲት ሴት ልጇን ወደ ደረቷ ስባ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ ሌላዋ። መጨረሻ ላይ፣ በልጃቸው መቃብር ላይ ያላለቀሱት ወይዘሮ ለተብርሃን መሬት ላይ ተቀምጠው የኪሮስን ስም እየጠሩ አለቀሱ።